ጉርሻ የማያልቅበት ማዕድ

ጉርሻ ሲመላለሱ የማይጠግቡ ባልና ሚስት አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ እዚህ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶች አሉኝ፤ ፋንቱና ገመቹ። እሷ ካጎረሰችው እሱ ይመልሳል፤ እሱ ከመለሰ እሷ ትደግማለች። እንዲህ ያለ ሰው ሆዱ የት ነው? ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ይህን ማየት አቃተኝ።

እሑድ ለምሳ ጠሩኝ። ለአንድ ቡና ነጋዴ ዳታቤዝ የሚሠራው ተከራዬ ዳዊትም አብሮኝ ነበር። ምልልሱን አይቶ ሳቀ።

"የእኛም ኮምፒውተር እንዲህ ሆኖ ደርቆ ነበር" አለ። "የየቡ ከተማ መጋዘን ሰንጠረዥ ሲለወጥ አንዱ ትሪገር፣ ለውጥ ሲያይ በራሱ የሚነሳ ትእዛዝ ማለት ነው፣ የጅማውን ይለውጣል። የጅማው ሲለወጥ ደግሞ ሌላው ትሪገር ተመልሶ የየቡን ይለውጣል። ማለቂያ የለውም።"

"በምን አቆምከው?" አልኩት፤ ከልቤ ነው የጠየቅኩት።

"ለውጡ ከሌላው ሰንጠረዥ የመጣ ከሆነ ተቀበል፣ መልሰህ ግን አትላክ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገባሁ።"

"ሰማህ ገመቹ? ተቀበል፣ አትመልስ" አልኩ።

"ቶሌ፣ እሺ እትዬ" አለና የሚስቱን ጉርሻ ውጦ እጁን ሰበሰበ። ፋንቱ ጉርሻው እስኪመለስላት ጠበቀች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን የፋንቱን ፊት ማየት ከበደኝ።

"እትዬ ቀንተውብን ነው" አለች፤ ፈገግ ብላ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። "በሉ አፍዎን ይክፈቱ።"

ባሌ ካረፈ ወዲህ ከሰው እጅ ስጎርስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጣፈጠኝ። ገመቹ ይህን በየቀኑ እንደሚጎርስ ሳስበው ቅናቴ ባሰበት።