ሙቁ ወንበር

ለአንድ ወንበር ብዬ የሰው ስም አጥፍቻለሁ። እንዲህ ስል ሥልጣን ላይ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከእኔ በታች ያለው ፋይል ብቻ ነው። ወንበሩም አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ፣ መደገፊያው የተላጠ፣ እዚሁ አሰላ እትዬ ጌጤ ግሮሰሪ ውስጥ ጥግ ይዞ የተቀመጠ የእንጨት ወንበር ነው። ለሹመት ወንበር ስም የሚያጠፋ ሰው ቢያንስ መኪና ይመደብለታል። እኔ ያተረፍኩት የጀርባ ሙቀት ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከኳስ ጨዋታ የቱ ይጣፍጣችኋል? አንዳንዱ ጎሉ ይላል። አንዳንዱ ዳኛ መስደቡ ይላል። ለእኔ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ያለችውን አንዲት ሰዓት የሚያህል ነገር የለም። በዚያች ሰዓት ማንም አልተሸነፈም። ሹሙም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ጡረተኛውም ዜሮ ለዜሮ ነው። ሁሉም ደግሞ አሠልጣኝ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሦስት ልጆች በአንድ ሐሳብ ማሰለፍ ያቃተው አባወራ እዚህ መጥቶ አሥራ አንድ ሰው ያሰልፋል። እትዬ ጌጤ የገብስ ቆሎ በሳህን ያቀርባሉ፤ ድራፍቱ በጃምቦ ይከተላል። እኛ አርሲዎች ገብስን ካላኘክነው እንጠጣዋለን፤ ከአንድ ማሳ ተለያይተው የወጡ ዘመዳሞች ሆዳችን ውስጥ ይገናኛሉ። ለዚህች ሰዓት አምላኬን አመሰግናለሁ። ቀልዴን አይደለም።

እዚያ ቤት እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ፤ ጥፋቴ የሚመዘነው በዚህ ነውና። ከባለቤቴ ጋር ስንለያይ ቴሌቪዥኑ ለእሱ ደረሰ፤ ቡድኑ ለእኔ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ የሚናገር ፍጡር ማንቆርቆሪያው ብቻ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ እትዬ ጌጤ በር ላይ ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ከበሩ ውጭ ሆኜ በሰው ትከሻ መሐል አጮልቄ አያለሁ። ሴት ልጅ፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ብቻዋን፣ ግሮሰሪ! ሰው ምን ይላል እያልኩ ሳስብ ሰው አለ። ያሉት እትዬ ጌጤ ነበሩ።

“ምን ቆመሽ ታያለሽ? ወይ ግቢ ወይ በሩን ዝጊው፤ ብርድ አስገባሽብን።”

ገባሁ። ማን እንደሆንኩ፣ የማን ሚስት እንደነበርኩ የጠየቀኝ የለም። አንዱ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ይህችን ያዙልኝ፤ ሳልለምን ወንበር የተሰጠኝ ሰው ነኝ።

የተሰጠኝ ወንበር በሩ አጠገብ ነበር። የአሰላን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ በር በተከፈተ ቁጥር ከደንበኛው ቀድሞ ገብቶ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ደግሞ ጉልበቴ ላይ ነው። የግሮሰሪው የውስጠኛ ግድግዳ ግን ከጎረቤት ዳቦ ቤት ጋር የጋራ ነው። ዳቦ ቤቱ ከሰዓት በኋላ ምድጃውን ሲያቀጣጥል ግድግዳው እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ያ ባለ ካርቶን ወንበር ጀርባውን የሰጠው ለዚያ ግድግዳ ነው። በላዩ የሚቀመጠው ደግሞ መምህር ታደለ ነበር።

መምህር ታደለ የፊዚክስ መምህር ነው። ከአርባ ምንጭ በኩል ተመድቦ ሲመጣ አንድ ሻንጣና አንዲት ስስ ጃኬት ይዞ ነበር። ሙዝ እየበላ ያደገ የቆላ ልጅ ብርዳችንን አልጠረጠረም። እትዬ ጌጤ የመጀመሪያ ቀን ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰምተው “ና እዚህ ተጠጋ ልጄ፤ እዚህ ግድግዳው ይሞቃል” ብለው አስቀመጡት። ዝምተኛ፣ ለሰው የሚነሣ፣ አንድ ጃምቦ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ሰው ነው። ምንም አላደረገኝም። ሞቆታል እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ቀዮቹ ሁለት ለዜሮ ተሸነፉ። (ቡድናችንን ቀዮቹ እያልኩ ልለፈው፤ ጎረቤት አላስቀይም።) ጉልበቴ በበሩ ነፋስ ደንዝዟል። ዞር ስል መምህሩ ያንን ግድግዳ ተደግፎ የጃኬቱን ዚፕ እየከፈተ ነው። ሞቆት! ያኔ አፌ ተከፈተ።

“እኔ የምለው፣ መምህር ከመጣ ወዲህ አሸንፈን እናውቃለን?”

እናውቃለን። ሦስት ጊዜ አሸንፈናል። እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ግን የተሸነፈ ሰው ቆጠራ አይወድም።

ጋሽ ቱፋ ጃምቧቸውን አስቀመጡ። ዕድሜያቸውን በእርሻ ሥራ ፈጅተው ጡረታ የወጡ፣ ቤቱ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። “ዱጋ! እውነቷን ነው!” አሉ። “እኔም ሲገባ ግራ እግሩን ሲያስቀድም አይቼዋለሁ።”

“እግረ ደረቅ ነዋ!” አለ አንዱ ባጃጅ ነጂ። “ስሙ ታደለ፣ እኛ ያልታደልን!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ። ሰው በሰው አገር ሲሆን በራሱ ላይ ሲቀለድ ቀድሞ ይስቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በጨዋታው መሐል ስልክ ተደወለለትና ወጣ። ወጥቶ ሳይመለስ ጎል! በሦስተኛው ቅዳሜ በቀልድ “መምህር፣ እስቲ ትንሽ ነፋስ ተቀበል” አሉት። ወጣ። ጎል! ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሕግ ሆነ፤ ግሮሰሪ ውስጥ ሕግ ለማጽደቅ ምክር ቤት አያስፈልግም። ቀዮቹ ባሕር ማዶ ይጫወታሉ፤ አሰላ ላይ አንድ የፊዚክስ መምህር ከወንበር ቢነሣ እዚያ ያለው በረኛ በምን ያውቃል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ራሴ በሥራ ቦታዬ ማኅተም የሌለውን ወረቀት የማልቀበል ሴት፣ ይህንን ተቀበልኩ። ወንበሩ ባዶ ሆኗላ! ባዶውን ከሚቀር ብዬ ተቀመጥኩበት። ከኋላ ግድግዳው፣ ከሥር መምህሩ አሙቀውታል። በሁለት እሳት የሞቀ ወንበር ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ።

መምህሩ አልቀረም። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ይመጣል፤ ጃምቦውን ይዞ ቆሎውን ይቆረጥማል፤ የተቆለመመ ኳስ በአየር ላይ ለምን እንደሚታጠፍ በጣቱ እያሳየ ያስረዳናል። ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ ይነሣል፤ ዚፑን እስከ አገጩ ይስባል፤ “በሉ፣ አደራ” ብሎ ይወጣል። እትዬ ጌጤ ከኋላው “ተባረክ ልጄ!” ይሉታል። ሰውን በምርቃት ማባረርን ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ስናገር፣ የት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም።

መስከረም የጀመረው ነገር የካቲት ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ቆይቼ ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ እየተጣደፍኩ መጣሁ። አገራችን የሯጭ አገር ነው ይባላል፤ እኔ የሮጥኩት ለዚያ ወንበር ብቻ ነው። ያፍ ያፍ የሚል ካፊያ ነበር። ከግሮሰሪው ፊት ለፊት ጋሪዎች በሚቆሙበት፣ በተዘጋ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር አንድ ሰው ከፈረስ አጠገብ ቆሟል። ፈረሱ ጆንያ ለብሷል። ሰውዬው ያችኑ ስስ ጃኬት።

“መምህር! እዚህ ምን ትሠራለህ?”

“ጨዋታ እያየሁ ነዋ፣ እትዬ ዓለም” አለኝ ፈገግ ብሎ። “ሁለት ለአንድ እየመራን ነው።”

“በምን አወቅህ?”

“በጩኸቱ። ስናገባ ከሁሉ የሚቀድመው የእትዬ ጌጤ ድምፅ ነው። ስንስት ሁሉም እኩል ነው የሚጮኸው። ሲገባብን ደግሞ ጋሽ ቱፋ አማርኛው አይበቃቸውም፤ በኦሮምኛ ይጀምራሉ።”

“ታዲያ በዚህ ብርድ ከምትቆም ቤትህ ብትገባስ?”

“ቤቴ ድረስ ጩኸቱ አይሰማም።”

“የፊዚክስ መምህር ሆነህ በገድ ታምናለህ እንዴ?” አልኩት።

“ኧረ አላምንም!” ሳቀ። “ግን እዚህ ከተማ ስመጣ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን መንገድ ላይ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ‘መምህር፣ ዛሬ ጨዋታ አለ፣ አደራ እንዳትረሳን!’ ይለኛል። ሰው ከእኔ የሚፈልገው ነገር ከተገኘ፣ መውጣትም ቢሆን ምን አለበት?” ከዚያ እጄን ነካ አደረገና “ይልቅ እርስዎ ይግቡ፤ ወንበሩ ይቀዘቅዛል” አለኝ።

ይህን ሁሉ አድርጌው አንቱ ይለኛል።

ገባሁ። ተቀመጥኩበትም። ይህችን ልዘላት ነበር፤ ግን ይቅርታ እየፈለጉ መዝለል አያምርም። ገብቼ እዚያው ሙቁ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እስከ መጨረሻው ፊሽካም አልተነሣሁም። ከጀርባዬ በቀር የሞቀኝ የለም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔም ሳምንቱን ሙሉ በቅቤ የማይታሽ ከሆነ በምን ይታሻል እያልኩ ፋይል ስገለብጥ ሰነበትኩ። በአፍ የተሰበረ በአፍ ይጠገናል ብዬ ቅዳሜ ገና ቆሎው ሳይቀርብ፣ መምህሩም ጋሽ ቱፋም ሁሉም ባሉበት ተነሥቼ ቆምኩ።

“አንዴ ስሙኝ። መምህር ታደለ ገደ ቢስ አይደለም። እሱ እያለ ሦስት ጊዜ አሸንፈን ነበር፤ እያወቅኩ ነው የዋሸሁት። ወንበሩን ፈልጌ ነው።”

ጋሽ ቱፋ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“አያችሁ?” አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። “እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የጠፋው! የሰው ልጅ እንዳይከፋው ብላ ጥፋቱን በራሷ ላይ ወሰደች!”

አጨበጨቡልኝ። እትዬ ጌጤ “የእናትሽ ልጅ!” ብለው የቆሎ ሳህን በነፃ አስቀመጡልኝ። መምህሩ ራሱ አጨበጨበ። ጥፋቴን ተናግሬ፣ ተመርቄ ተቀመጥኩ። እውነት ስትናገሩ የሚያምናችሁ ብታጡ፣ ሐሰት ስትናገሩ ያመኗችሁን ሰዎች አስታውሱ፤ እነዚያው ናቸው።

ተጫዋቾቹ ወጡ። መምህሩ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ዚፑን ሳበ። ሄጄ ጃኬቱን ያዝኩት።

“ቁጭ በል። ዛሬ የምወጣው እኔ ነኝ።”

“ዓለሜ፣ አበድሽ እንዴ? ልታስሸንፊን ነው!” ብለው ጮኹ እትዬ ጌጤ።

“ቁጭ በል ብዬሃለሁ!” ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

እዚያው ቆርቆሮ ሥር፣ ፈረሱ አጠገብ ቆምኩ። ነገሩ የገባኝ እዚያ ከቆምኩ በኋላ ነው፤ ዛሬ ከተሸነፍን መምህሩ ዕድሜ ልኩን ገደ ቢስ ነው። ማረጋገጫውን የሰጠሁት እኔው ነኝ። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነች ወዲህ እንዲያ ጸልዬ አላውቅም። ብርዱ ከጉልበቴ ወደ ወገቤ ወጣ። አንድ ጊዜ ሁሉም እኩል ጮኹ፤ ስተናል። አሁንም እኩል፤ ስተናል። ቀጥሎ ረጅም ዝምታ። ጋሽ ቱፋ በኦሮምኛ እንዳይጀምሩ ጆሮዬን ደቅኜ ሰማሁ። ፈረሱ እንኳን መኖ ማኘኩን ያቆመ መሰለኝ።

ከዚያ የእትዬ ጌጤ ድምፅ፤ ብቻውን፣ ከሁሉ ቀድሞ!

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሦስት ለዜሮ። ፊሽካው ሲነፋ እየሮጥኩ ገባሁ። መምህሩ ሙቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግንባሩን እየተፈራረቁ ይስሙታል። ጃኬቱን አውልቋል። “ታኢ፣ ታኢ!” ይላሉ ጋሽ ቱፋ ሊነሣ ሲሞክር ትከሻውን እየተጫኑ፤ “ቁጭ በል፣ ከእንግዲህ መነሣት የለም!” ስሙ ጸዳ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

“ለካ አንቺ ነሽ!” አሉ ጋሽ ቱፋ።

“አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!” አሉ እትዬ ጌጤ ራሳቸውን እየነቀነቁ። “ልጁን ስናባርር ገደ ቢሷ እዚሁ ተጎልታልን!”

ይኸው እኔም እትዬ ጌጤ ቤት የምሄደው ከጨዋታ በፊት ብቻ ሆኗል። ያችን ጣፋጭ ሰዓት፣ ዜሮ ለዜሮዋን፣ ከሁሉም ጋር አሳልፋለሁ። ተጫዋቾቹ ሲወጡ ነጠላዬን አጣፍቼ እነሣለሁ፤ “ተባረኪ” ይሉኛል። ፈረሱም ለምዶኛል። በዕረፍት ሰዓት መምህር ታደለ ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይወጣና “ግድግዳውን ማምጣት ስላልቻልኩ ነው” ብሎ እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል። እንዲህ ያለ ቤት፣ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘቴን ሳስብ ቆርቆሮው ሥር ሆኜ እንኳ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ይቅር በለኝ ስለው መምህሩ “ለምኑ?” ይለኛል። ጋሽ ቱፋና እትዬ ጌጤ አሁንም ለደግነት የተናገርኩት ነው የሚመስላቸው። የበደልኩት ሰው አልተበደልኩም ካለ፣ ምስክሮቹ አላጠፋሽም ካሉ፣ ነገሩን እንደሆነው የሰማችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ።

ይቅር በሉኝ።