ሌባ ሰላምታ አያበዛም

ዳንግላ ገበያ ፈረስ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል። ገዢው እንደመጣ ዘሎ ኮርቻ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞራል። ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያያል። እግሩን አንስቶ ሰኮናውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ጅማቱን ይዳብሳል። ሻጩ «ኧረ ውጣበትና ሞክረው!» እያለ ይምላል፣ ይገዘታል። ገዢው ወይ ፍንክች! ጭራሽ የሻጩን አገርና ዘመድ መጠየቅ ይጀምራል። ፈረሱ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ጉዱ ሁሉ ተዘርዝሮ ያልቃል።

የእኔም ሥራ ይኸው ነው። እኔ የማየው ግን የፈረስ ጥርስ ሳይሆን ሰው የጻፈውን የኮምፒውተር ኮድ ነው። ሲ በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ይሰጠኛል። አላስኬደውም። መመርመሪያ ፕሮግራም አለኝ፤ እሱ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ያነብና «እዚህ ጋ ይፈሳል፤ እዚያ ጋ ሌባ ሊገባ ይችላል» እያለ ይነግረኛል።

ይህን ሥራ እንጅባራ ላይ ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይብሳል። አንድ ቀን አከራያችን «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ብዙ ከማብራራ ብዬ «ሰው የሠራውን ስህተት ፈልጌ አወራለሁ» አልኳቸው። «ውይ! እሱንማ እኛም ሰፈር ውስጥ በነጻ እንሠራዋለን» ብለውኝ አረፉት።

እስቲ ስለዚህ ሲ ስለሚባል ቋንቋ ትንሽ ልንገራችሁ፤ አይከብድም። ሲ ፈጣን ነው፣ ጉልበተኛ ነው፣ አንድ ጠባዩ ግን ያስቸግራል። ይሉኝታ ይበዛበታል። አንድ ጣሳ የሚይዝ ቦታ አዘጋጅታችሁ ሁለት ጣሳ ብታፈሱበት «ኧረ ሞልቷል!» አይልም። ዝም ብሎ ይቀበላል። የተረፈው ይፈስና ከጎኑ ያለውን ዕቃ ያበላሻል። ክፉ ሰው ደግሞ ይህን ጠባዩን ካወቀ ሆን ብሎ እያፈሰሰ የፈለገው ቤት ይገባል። የእኔ ሥራ እንግዲህ ቀድሞ ደርሶ «ይቺ ጣሳ ትፈሳለች» ማለት ነው።

መመርመሪያዬም ቢሆን እንከን አያጣም። እንደ ጎረቤታችን ውሻ ነው። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። ዘመድ ሲመጣ ይጮኻል። ቅጠል ሲወድቅም ይጮኻል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የሌባውን መለየት ነው የእኔ እንጀራ።

አሁን ወደ አማቴ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። አያ ቢያዝን ይባላሉ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እኛ እንጅባራ ስንል እሳቸው እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ ቆሰበር ነው የሚሉት። በወጣትነታቸው የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩና አጭር ነገር መጻፍ አይሆንላቸውም። በስልክ የሚልኩት መልእክት እንኳ ማመልከቻ ነው። ማኅተም ብቻ ነው የሚጎድለው።

ቦራ የሚባል ፈረስ አላቸው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ቦራን ከልጆቻቸው ያስበልጣሉ ብል ባለቤቴ ትቆጣኛለች፤ ግን እሷም ልቧ ያውቀዋል። ጥር ላይ የአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ አምሮ ደምቆ ሲወጣ አማቴ ቀርተው አያውቁም ነበር። አምና ግን ጉልበታቸውን ታመሙና ቀሩ። ያን ቀን ምግብ አልቀመሱም። ዘንድሮ ትንሽ ሻል ሲላቸው «አንድ ጊዜ ልውጣ እንጂ፣ ከእንግዲህማ ኮርቻው ለልጅ ልጅ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታዲያ አንድ ሰሞን በሰፈሩ ፈረስ ተሰረቀ። አማቴ እንቅልፍ አጡ። በዚህ ጊዜ የባለቤቴ ወንድም ጌትነት፣ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ባሕር ዳር የሚሠራው፣ መጣና ለቦራ ጋጣ መቆለፊያ ሠራ። ቁልፍ የለውም። ውስጡ ሲም ካርድ አለ። አማቴ የመረጡትን የምስጢር ቁጥር በስልካቸው ሲልኩለት ብረቱ ጠቅ ብሎ ይከፈታል። ቁጥሩን ለማያውቅ አይከፈትም፤ እንግዲህ የታሰበው እንዲያ ነው። ጌትነት ኮዱን ቅዳሜ ጀምሮ እሑድ ጨረሰውና ወደ ሥራው ሮጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ያኔ ግን ተረቱን ማንም አላስታወሰም። በሩ ወራት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ።

አማቴ ኩራታቸውን አልቻሉትም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ልጄ ያለ ቁልፍ የሚከፈት በር ሠራልኝ» ይላሉ። «አማችዎስ ኮምፒውተር አይደል የተማረው?» ሲሏቸው ደግሞ «አማቼማ ስህተት ነው የሚፈልገው» ይላሉ። ይህ ነገር ሆዴ ገባ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁ!

ፈረሰኛው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ልንጠይቃቸው ስንሄድ ጌትነትን «እስቲ ኮድህን ላክልኝ፣ ልየው» አልኩት። ሳያቅማማ ላከልኝ። መመርመሪያዬን ለቀቅሁበት። ጮኸ አልኳችሁ! አብዛኛው የቅጠል ጩኸት ነበር። አንዱ ግን የሌባ ነበር።

ጌትነት ለመልእክቱ ያዘጋጀው ቦታ ጠባብ ነው። አራት ቁጥር ለሚላክበት ምን ያደርጋል ብሎ ነው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ወፍራም ነው፤ አንዱ ፊደል የሦስት ቁጥር ቦታ ይይዛል። ስለዚህ መልእክቱ ትንሽ ረዘም ካለ ይፈሳል። የት ይፈሳል? ጎረቤቱ ላይ። ጎረቤቱ ማን ነው? «ይከፈት ወይስ አይከፈት?» የሚለው መልስ የሚቀመጥበት ቦታ! እዚያ ቦታ ላይ ምንም ነገር ጠብ ካለ በሩ «ይከፈት ተብሏል» ብሎ ያምናል። በአጭሩ፣ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ረጅም ነገር ከጻፈ ቦራን እየጎተተ መሄድ ይችላል።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። አማቴ ጋ ሮጬ «አባባ፣ በርዎ ቀዳዳ አለው!» አልኳቸው። ያለውን ሁሉ አስረዳኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

«ሰውየው ምን ብሎ ቢጽፍ ነው የሚከፈትለት?» አሉኝ።

«ምንም ቢጽፍ ይከፈትለታል።»

«ሰላምታም ቢሆን?»

«ሰላምታም ቢሆን። ዋናው መርዘሙ ነው አባባ።»

ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ሌባ ሰላምታ አያበዛም» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የተማረ ሰው ፈገግታ አለች አይደል፣ እሷን ፈገግ አልኩ። ለጌትነት ደወልኩ፤ አፈረ፤ «እባክህ ድፈንልኝ» አለ። ደፈንኩት። ከእንግዲህ ከቦታው የሚበልጥ መልእክት ሲመጣ ሳይነበብ ይጣላል። ኮዱን መልሼ አስመረመርኩ። ውሻው ጭጭ! ማታ ቦራ ከገባ በኋላ አዲሱን ኮድ መቆለፊያው ላይ ጫንኩት። ለባለቤቴ «የአባትሽን ፈረስ ያዳንኩት እኔ ነኝ» እያልኩ ወደ ቤታችን ተመለስን።

በማግስቱ ፈረሰኛው የሚወጣበት ቀን ነበር። ገና ቁርስ ሳልቀምስ ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናቸው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ቢያስቸግረኝም ድምፃቸው የወትሮው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

«በሩ አኮረፈኝ» አሉኝ።

«ተበላሸ» አላሉም፤ «አኮረፈኝ» ነው ያሉት። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ስደርስ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልረገፈም። አማቴ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አለንጋቸውን ይዘው ጋጣው በር ላይ ቆመዋል። ኮርቻው ከነግላሱ አጥሩ ላይ ተዘርግቷል። ከመንገዱ በኩል የፈረስ ኮቴ፣ ሆታና ፉከራ ይሰማል። ሰው እያለፈ ነው። ውስጥ ቦራ መሬቱን ይደበድባል።

«አባባ፣ የላኩትን መልእክት ያሳዩኝ» አልኩ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ዘረጉልኝ። የምስጢር ቁጥሩን እንዳላይ ግን በአውራ ጣታቸው ሸፍነውታል።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «ይድረስ ለቦራ ጠባቂ። እንደምን አደርህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ የምንወጣበት ቀን ስለሆነ በሩን እንድትከፍትልኝ እጠይቃለሁ። ቁጥሩ ከዚህ በታች ተጠቅሷል።»

ሁለተኛው «ቀደም ሲል የላክሁልህ መልእክት ካልደረሰህ በማለት» ብሎ ይጀምርና ከመጀመሪያው ይረዝማል። ሦስተኛው አንጀት ይበላል። «ሳላውቅ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ፣ ስለ ጊዮርጊስ ብለህ ይቅር በለኝ» ይላል።

ከስልኩ ቀና አልኩ። «አባባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጽፉለት?»

«ታዲያ እንዴት ልጻፍለት ኖሯል?»

ገባችሁ አይደል? በሩ አንድም ቀን በቁጥሩ ተከፍቶ አያውቅም! ያን ሁሉ ወር የተከፈተው በሰላምታው ነው። ሰላምታው እየፈሰሰ ነው። ሌባ ይገባበታል ብዬ የደፈንኩት ቀዳዳ የባለቤቱ መግቢያ ኖሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼው አይደል?

«አባባ፣ ቁጥሩን ብቻ ይላኩለት፤ አሁኑኑ ይከፈታል።»

«ቁጥሩን ብቻ? ሰላም ሳልለው?»

«ሰላም ሳይሉት።»

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ቆሞ ፈረሴን ሲጠብቅልኝ ያደረውን፣ የእግዜር ሰላምታ ነፍጌ ክፈት ልበለው? አሽከሬ ነው?»

«ማሽን እኮ ነው አባባ!»

«እሱ ማሽን ቢሆንስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ምን ትመልሱላቸዋላችሁ? በነገራችን ላይ ከቦራ ጋር በአዊኛ ነው የሚነጋገሩት። መቆለፊያውን ግን በአማርኛ ብቻ ነው የሚያናግሩት፤ «የተማረ ነው» ብለው።

«እሺ፣ ቁጥሩን ለእኔ ይንገሩኝና በእኔ ስልክ ልላክ» አልኩ። «ለነፍስ አባትዎም እንዳይነግሩ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?» አሉኝ። አሁን በምን አፌ ልከራከር? ምስጢር አጠባበቅን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

የመንገዱ ሆታ እየራቀ ሄደ። አማቴ በሩ ስር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አለንጋውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «ዘንድሮም ቀረሁ» አሉ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሳቸው ነው ያሉት። እውነት ለመናገር በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አንድ ሰው ከዓመት እስከ ዓመት የጠበቃት ቀን፣ በእኔ ቅናትና በእኔ ብልጠት ስትሄድ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ከሩቅ አንድ ፈረስ አሽካካ። ቦራ ከውስጥ መለሰለት። ከዚያ ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ደግሞ ጓ! ቀጥሎ የሆነ ነገር ተንቋቋ። እኔና አማቴ ተያየን። ወዲያው ቦራ በጓሮ በኩል ዞሮ መጣና ጌታው ፊት ቆመ። አንገቱ ላይ የቀርከሃ ስንጣሪ ተንጠልጥሏል።

ለካስ የጋጣው የኋላ ግድግዳ ቀርከሃ ነው! ወደ በሩ ሲም ካርድ፣ ሞተር፣ የምስጢር ቁጥር፤ ወደ ጓሮው ቀርከሃ በጠፍር የታሰረ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! የእኔ መመርመሪያ ሲ እንጂ ቀርከሃ አያነብም። ቦራ ግን ኮዱን ሳያይ፣ በሁለት ርግጫ ደካማውን ቦታ አገኘው።

አማቴ ተነስተው ወደ ኋላ ዞሩ። የተቀደደውን ግድግዳ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ትናንት ስትፈልገው የዋልከው ቀዳዳ ይሄ ነው?» አሉኝ። ኮርቻውን አንስቼ ጫንኩ፣ ልጓሙን አጠለቅሁ፣ እግራቸውን ደግፌ አወጣኋቸው። ጉልበት ታመመ የተባለው ሰውዬ አቧራ አልብሰውኝ ሄዱ! ከፈረሰኛው ጋር ሜዳው ሳይደርሱ ተቀላቀሉ። ማታ ሲመለሱ ፊታቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ፊት ነበር።

በማግስቱ ግን «ቀዳዳዬን መልስልኝ» አሉኝ። ሙያዬ አይፈቅድም። እያወቅሁ የሚፈስ ኮድ ልጻፍ? ሞቼ ነው ቆሜ! ከጌትነት ጋር ሆነን እንደ አዲስ ጻፍነው። አሁን ቦታው ሰፊ ነው፣ ልኩም ይታወቃል። አማቴ የፈለጉትን ያህል ሰላም ቢሉ አይፈስም፤ ቁጥሩም የትም ቦታ ቢጻፍ ተፈልጎ ይገኛል። ደስ ይበላቸው ብዬ ደግሞ ከራሴ አንዲት ነገር ጨመርኩ። ቁጥር የሌለው ሰላምታ ከመጣለት መቆለፊያው ዝም አይልም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን ነዎት?» ብሎ ይመልሳል። አስመረመርኩት። አንድም ጩኸት የለም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ንጹሕ ኮድ አላየሁም። የኋላውንም ግድግዳ በወፍራም እንጨት አሠራነው።

አማቴ የመጀመሪያው መልስ ስልካቸው ላይ ሲደርስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄ» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የባለቤቴ እናት ደወሉልኝ። ቦራ ገና ሣር አልቀመሰም፣ ውኃ አልጠጣም፣ በሩ ተዘግቷል፣ አሉኝ። ደነገጥኩ። ሰውዬውን እንዲያቀርቡልኝ ለመንኳቸው።

«አባባ፣ በሩ ደግሞ ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልሆነም» አሉኝ ረጋ ብለው። «በጥሩ ሰላም ነው ያለው። እሱ እንዴት ነዎት እያለ እየጠየቀኝ ግን እንዴት ብዬ ቁጥር ውስጥ እገባለሁ? ትንሽ ታገሱን እንጂ፤ ገና ሰላምታ ላይ ነን።»