እሁድ እንግዳ አንጠብቅም

ኮንዶሚኒየም መኖር ደስ ይላል። ባለፈው ሳሎኔ ብቻዬን ተቀምጬ አስነጠሰኝና ከግድግዳው ወዲያ «ይማርህ» ተባልኩ። «ያኑርልኝ» አልኩ ለግድግዳው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ከብሎኬቱ ማዶ ለጤናዬ የሚያስብ ሰው አለ።

እኛ ልደታ ውስጥ እንዲህ ተጣብቀን እየኖርን፣ ጋሽ ታደለ ደግሞ የሰው ልጅ ችግሩ መራራቁ ነው ይላሉ። ጋሽ ታደለ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ከእኔ አንድ ፎቅ በታች ይኖራሉ። ደግ ሰው ናቸው። አንድ ጠባይ ብቻ አለባቸው፤ ያሰቡትን በሙሉ ይናገራሉ። እንደ እሳቸው ከሆነ የሰው ልጅ ሁሉ በአንድ አእምሮ ቢያስብ፣ የአንዱ ሐሳብ ለሌላው ወለል ብሎ ቢታየው፣ ጦርነት አይኖርም፣ ፍቺ አይኖርም፣ ሌባም አይኖርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ስለ ሎሚ ከሆነ እኔም እስማማለሁ።

አንድ ቀን የሁላችንም ጭንቅላት እንደ መብራት በአንድ መስመር ቢያያዝ ሲሉኝ፣ «መብራት ሲጠፋስ፣ ጋሽዬ?» አልኳቸው። አልሳቁም። የልደታን መብራት የሚያውቅ ሰው ግን ይረዳኛል።

ደግሞስ የጋራ አእምሮ ምን እንደሚመስል አላየንም እንዴ? የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ አለላችሁ። አንዱ «ውሃ መጥታለች?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው የመላእክት ሥዕል ይልካል። ሌላው የሚሸጥ ፍሪጅ። አንዷ «አሜን» ትላለች፤ ለሥዕሉ ይሁን ለፍሪጁ አይታወቅም። በዚህ መሀል ውሃዋ መጥታ ትሄዳለች።

እስቲ አስቡት፤ ከልደታ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የተሳፋሪው ሐሳብ ሁሉ ጮክ ብሎ ቢሰማ ማን በሰላም ይወርዳል? እኔ ራሴ አጠገቤ ስለተቀመጠው ሰውዬ ጫማ የማስበውን ቢሰማ፣ ሜክሲኮ ሳልደርስ ነበር የምወርደው። አባቶቻችን ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል ያሉት ወደው አይደለም። ለማንኛውም ይህን ሁሉ ያነሳሁት የሜሮንንና የዳዊትን ነገር ላጫውታችሁ ብዬ ነው።

ሜሮን ከእኔ በላይ ያለው ቤት የሚኖሩት የአቶ ሽፈራው ልጅ ናት። ዳዊት ደግሞ የዚሁ የእኛ ብሎክ ልጅ ነው፤ የጋሽ ታደለም ተማሪ ነበር። ሁለቱ ይዋደዳሉ። ማታ ማታ ደረጃው ላይ ቆመው ያወራሉ። አቶ ሽፈራው ኮስታራ ናቸው፤ ግን ልጃቸውን ይወዳሉ። ከውጭ ሲመለሱ ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይረግጡ ሳል ይጀምራሉ። ሳል ስላችሁ ሳንባ የሚያወጣ ሳል። እሳቸው እስኪደርሱ ዳዊት ቤቱ ገብቷል፤ ሜሮንም ልብስ ታሰጣለች። አቶ ሽፈራው ምንም አላዩም። ብሎኩ በሙሉ ያንን ሳል ያውቀዋል፤ አንድም ሰው ግን «ሳልዎን ተሻለዎት?» ብሏቸው አያውቅም።

ዘንድሮ ደግሞ የሜሮን እናት ወይዘሮ አስቴር ግቢው ውስጥ በርበሬ አሰጡ። ለሦስት ሰው ቤተሰብ የሚሆን በርበሬ አልነበረም፤ ግቢው ቀላ። ሴቶቹ እያለፉ «በርበሬው በዛ ዘንድሮ» ይላሉ። «ይወደዳል ሲሉ ሰምቼ ነው» ይላሉ ወይዘሮ አስቴር። «ልክ ነሽ፣ አስቀድሞ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሰርግ የሚል ቃል የተነፈሰ የለም።

በኋላ ዳዊት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ከጌጃ ሰፈር የመጡት አጎቱ፣ ጋሽ ታደለና እኔ ነበርን። ሽምግልና ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይገባል፤ ተቀመጡ ይባላል፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል። የልጅቷ አባት ምንም እንዳልጠረጠረ ሰው ይገረማል። ከዚያ «ድንገት ሆነብን፣ ከዘመድ ጋር እንምከርና ተመለሱ» ይላል። ተመለሱ ማለት እሺ ማለት ነው። ልጁን የማይሰጥ ሰው ተመለሱ አይልም።

ገባን። ቆምን። አጎትየው ከአዳምና ከሔዋን ጀምረው ገና ወደ አብርሃም ሲሻገሩ ጋሽ ታደለ ሰዓታቸውን አዩና ጣልቃ ገቡ። «አቶ ሽፈራው፣ እርስዎ ለምን እንደመጣን ያውቃሉ፤ እኛም እሺ እንደሚሉ እናውቃለን። ወይዘሮ አስቴር የሰርጉን በርበሬ አድርቀው ጨርሰዋል። እርስዎም ደረጃ ላይ የሚያስሉት ጉንፋን ይዞዎት አይደለም፤ ልጆቹን ላለማየት ነው። ታዲያ ለምን ጊዜ እናቃጥላለን?» አሉ።

አንድም ውሸት የለበትም። ጉዱም እሱ ነው። አቶ ሽፈራው ፊታቸው ግቢው ውስጥ ተሰጥቶ የነበረውን በርበሬ መሰለ። «እኔ ልጄ ከወንድ ጋር ደረጃ ላይ ስትቆም እያየሁ ዝም የምል አባት ነኝ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ታደለ አዎ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን ያዝኳቸው። ዘገየሁ። አቶ ሽፈራው «እዚህ ቤት ለእናንተ የሚሆን ልጅ የለም» አሉና በሩን ከፈቱልን። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አልወደውም። ዳዊት ከሳ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም ቢላት ሜሮን ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም አለችው። ደረጃው ላይ የሚቆም ሰው ጠፋ። አቶ ሽፈራውም ማሳል ተዉ። ለማን ብለው ያስሉ? ዝም ብለው ሲወጡ በቤቴ በር ቀዳዳ አያቸውና አንጀቴን ይበሉኛል። እሺ ማለት ይፈልጋሉ፤ ግን እሺ ካሉ የሳሉ ነገር እውነት ነው ብለው ማመናቸው ነው። ጋሽ ታደለም አዝነዋል። ግን ምኑ ላይ እንዳጠፉ አልገባቸውም።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ አስቴርን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ጀሪካናቸውን ተቀብዬ ሳወጣላቸው ስለ ውሃው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ፆሙ አወሩና በራቸው ጋ ስንደርስ «የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ነን፤ እንግዳም አንጠብቅም» አሉኝ።

«መልካም ነው» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ወዲያው ለአጎትየው ደወልኩ። እነ አቶ ሽፈራው እሁድ እንግዳ አይጠብቁም አሉ፣ አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነማ ጋቢዬን ላሳጥብ» አሉ። ጋሽ ታደለ ጋ ስወርድ ግን «እንግዳ ካልጠበቁ ለምን እንሄዳለን?» ብለው ሞገቱኝ። አስረዳኋቸው። ያለፈው ቀን ጨርሶ እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ እሁድ የመጀመሪያችን ነው። እርስዎን ትተን ብንሄድማ ያ ቀን ነበረ ብለን መመስከራችን ነው። «ይህ ውሸት ነው» አሉኝ። እኔም ውሸት የሚሆነው የሚታለል ሰው ሲኖር ነው፣ እዚህ የሚታለል ማን አለ፣ አልኳቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን እመጣለሁ አሉ።

እሁድ ደረስን። ወይዘሮ አስቴር በነጭ ቀሚስ በሩን ከፍተው «ምነው፣ በደህና ነው?» አሉ። አቶ ሽፈራው ሙሉ ልብስ ለብሰው ከረባት አስረው ተቀምጠዋል፤ ያልተዘጋጀ ሰው እንዲህ ነው። «ምን እግር ጣላችሁ?» አሉን። አጎትየው ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። አብርሃም ጋ ሲደርሱ አቶ ሽፈራው እጃቸውን አነሱና ወደ ጋሽ ታደለ ዞሩ።

«መምህር፣ ከዚህ በፊት ለእንዲህ ያለ ጉዳይ እዚህ ቤት መጥተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ታደለ በዕድሜያቸው የዋሹ ሰው አይደሉም። ወለሉን አዩ፤ ከዚያ የጓዳውን መጋረጃ አዩ። ከመጋረጃው ስር የሜሮን እግሮች ይታያሉ፤ ጣቶቿ ተጨብጠዋል። ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኧረ በፍጹም። ቤትዎን እንኳ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ያምራል። ባለ ስንት መኝታ ነው?»

ልብ በሉ፣ የሦስታችንም ቤት አንድ ላይ የተደራረበ አንድ ዓይነት ቤት ነው። «ባለ ሁለት ነው፤ ይምጡ ላሳይዎት» አሉ አቶ ሽፈራው በቁም ነገር። ይዘዋቸው ዞሩ። ጋሽ ታደለ ኩሽናውን አደነቁ፤ መታጠቢያ ቤቱ እንዴት ይሰፋል አሉ። እኛ ቆመን እንጠብቃለን። ሲመለሱ የአቶ ሽፈራው ፊት በርቷል፤ ዓይናቸው ግን ረጥቧል። «እንግዲህ ነገሩ ድንገት ሆነብን። ከዘመድ ጋር እንምከርና ተመለሱ» አሉ።

ጋሽ ታደለ ደረጃውን እየሮጡ ነው የወረዱት። ዳዊት ታች ቆሞ ምን አሉ ሲላቸው «እንመካከርበት፣ ተመለሱ አሉ» ብለው አቀፉት። ልጁ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ጋሽ ታደለም አለቀሱ፤ እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባብኝ።

ይሄኔ ከላይ ካሉት በረንዳዎች በአንዱ አንዲት ሴት «እልል» ብላ ጀመረች። ወዲያው ሌላዋ ከጎን አፏን ያዘቻትና ቆጣ ብላ ስትናገር ግቢው ሁሉ ሰማ። «ዝም በይ እንጂ፣ ገና እኮ አልሰማንም።»