የመሪጌታ ቤት ቅምሻ

ጠጪ ልክ አለው፤ ልክ የሌለው ቀማሽ ነው። የሚጠጣ ሰው ቢያንስ መጠጣቱን ያውቃል፤ ሚስቱም ታውቃለች፤ ጎረቤትም ልብ ብሎ ይይዝለታል። ቀማሽ ግን «ኧረ እኔ አልጠጣሁም፣ ቀመስ ነው ያደረግሁት» እያለ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ላሊበላ፣ መሪጌታ ፍሥሐ ቤት፣ ፊታቸው ቆሜ የተማርኩት ነው።

መሪጌታ አባቷ ናቸው። የማን? የየሺ ነዋ። ሽማግሌ ልኬባቸው «እናስብበት» ካሉ ዓመት ሊሞላ ነበር። ጥፋቴ አስጎብኚ መሆኔ ነው። ከፈረንጅ ጋር የሚውል ሁሉ ሲጠጣ ያመሻል የሚል ወሬ ሰምተዋል፤ ለጠጪ ደግሞ ልጃቸውን አይሰጡም። እኔ እንኳ... እሱን እንተወው።

ታዲያ ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ እንግዳ መጣልኝ። ቤተሰቡ በረዶ በሚከመርበት አገር፣ ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ፣ ሳኬ የሚባል የሩዝ መጠጥ ይጠምቃል። መሪጌታ ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ አይቶ ልቡ ጠፋ፤ ከአገሬ ያመጣሁትን ጠርሙስ ካልሰጠኋቸው ብሎ ድርቅ አለ። አስተርጓሚው እኔ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ልጅ ወደጠየቅሁበት ቤት በገዛ እግሬ መጠጥ ታቅፌ ገባሁ።

መሪጌታ ግን ደስ አላቸው። የኬንጂ ሰዎች አዲስ መጠጥ ሲደርስ የጥድ ቅጠል እንደ ኳስ ጠቅልለው በራቸው ላይ እንደሚሰቅሉ ነገርኳቸው። እኛስ ጠላ ሲደርስ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍተን እንተክል የለ? በሉ ዘመዶች ናቸው አሉ። ሳኬው ጌሾ እንደማያውቅና ሩዙን የሚያፈላው ሻጋታ መሆኑን ሲሰሙ ግን ዝምድናው ቀዘቀዘ። የሻገተ በእኛ ቤት ለዶሮ ነው። እስቲ አንተ ቅመሰው አሉኝ።

መቼም የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ካልቀመሰ ማንም አይጠጣለትም። ቀመስኩ። ውሃ የመሰለ፣ ለብ ያለ፣ ከአፍ የማይጣላ ጨዋ መጠጥ ነው። ጠላ ቢሆን አንድ ማንቆርቆሪያ ቀምሼ እገላገል ነበር። ኬንጂ ግን ከጠርሙሱ ወደ ትንሽ የሸክላ ዕቃ እየገለበጠ በሙቅ ውሃ ያሞቀዋል፤ ዕቃዋ የሕፃን ጡጦ አታህልም፣ በአንድ ዙር ታልቃለች። አዲስ በተሞላች ቁጥር መሪጌታ ቀማሹን ይጠራሉ። ቀማሹ ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ለድንጋይ ሲዞር ውሎ እህል አልቀመሰም። መዳፉም፣ ምን ይደረግ፣ ሰፊ ነው።

የቀረውን የነገረችኝ የሺ ናት። በመጀመሪያ መሪጌታ የተናገሩትን አማርኛ ለራሳቸው ለመሪጌታ በአማርኛ ተረጎምኩላቸው አሉ። ቀጥሎ ተነሥቼ የቤታቸውን ምሰሶ እየዳበስኩ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ መፈልፈሉን ለባለቤቱ አስጎበኘሁ። ምሰሶው ባሕር ዛፍ ነው። ጓዳው በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ከዚህ ወዲያ በጫማ አይገባም ብዬ ሽማግሌውን አስቆምኳቸው። ኬንጂ አምኖኝ ጓዳውን በአክብሮት ፎቶ አነሣ። የሺ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ ነበር፤ በሳቅ ይሁን በሐዘን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። የሺ በቃ አመለጠችኝ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ በራቸው ላይ ቆምኩ። መሪጌታ ቀና በል አሉኝ። ሰው ስምህን በከንቱ አጥፍቶታል፤ ጠጪ በመዳፍ እርጥበት አይወድቅም፤ አንተ መጠጥ በደረሰበት ደርሰህ አታውቅም፤ በል ሽማግሌዎችህን ጥራ አሉ።

ይኸው የሺን አገባሁ። ችግሩ አማቴ ቤት ድግስ ያለ ዕለት ነው። ጠላው ሲቀዳልኝ በመጀመሪያው ጉንጭ ያንን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይዤ መንገዳገድ አለብኝ። አማቴ አንጀታቸው አይችልም፤ ብርጭቆዬን ከእጄ ተቀብለው የእኔንም ድርሻ እሳቸው ይጠጡልኛል።