ከላይኛው መደብ

እናንተ ሰው መርጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መርጫለሁ፤ ያውም የትምህርት ቤት ጓደኛዬን። ደምሴ ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለ በየክረምቱ ወደ ሐረር እየመጣ፣ ጊዲር መጋላ ገበያ እህል ሻጮቹ መሀል ቆሞ «እኔ ከእናንተ አልለይም!» ይል ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ ሲወዳደር ድምፃችንን ሰጠነውና ፓርላማ ገባ።

ለእረፍት ሲመጣ የድሮ ጓደኞቹ በአንዳችን፣ በአብዶሽ ቤት ተሰብስበን ጠበቅነው። የሐረር ቤት መቼም መቀመጫው እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ላይኛው የትልቅ ሰው ነው። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንቀመጠው ታችኛው ላይ ነው። ደምሴም እንደ ልማዱ አጠገባችን ሊቀመጥ ሲል አብዶሽ ደነገጠ።

«ወላሂ አይሆንም! ክቡር እንደራሴ ታች ሊቀመጡ?» ብሎ ወደ ላይ ገፋው።

ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ጨዋታችን አልደርሰው ቢል ወደ እኛ መደብ ወረደ። ከእንደራሴ እኩል መቀመጥ ነውር አይደለም እንዴ? እኛ ምንጣፉ ላይ ወረድን። እሱም ምንጣፉ ላይ ወረደ። ከዚያ በታች ምን አለ? ግቢ ወጣን። አክብሮት ማለት ይህ ነው!

ግቢ ውስጥ የድሮው ሳቃችን ተመለሰ። ደምሴ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ? ለእኔም ንገሩኝ እንጂ።»

ሁላችንም ብድግ አልን።

«ምንም አይደል፣ ክቡርነትዎ» አልኩት እኔ።

የሳቅነው፣ አንድ ቀን ከክፍል ጠፍተን ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ስንወጣ መምህራችንን አስመስሎ እየተቆጣ ያስደነገጠን ልጅ ትዝ ብሎን ነበር። ልጁ ደምሴ ነው።