ዜና ጠረጴዛ ዘእመቤት አዋላጅ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ በማያውቁት ከተማ በሰፈሩ ጊዜ

በአዋላጅነታቸው በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በዕድሜያቸው በሠላሳ ዘጠነኛው፣ የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ደብዳቤ በደረሳቸው በስድስተኛው ሳምንት፣ በዕለተ ዓርብ፣ እጀ ለስላሳ፣ ቃለ ጽኑ፣ ነጭ ጋዋን ለባሽ፣ የአእላፍ ሕፃናት ተቀባይ የሆኑት እመቤታችን አዋላጅ፣ ዘመድም ወዳጅም ወደሌላቸው ወደ ተማሪዎች ከተማ ዘመቱ።

ሠራዊታቸውም ይህ ነበረ። በፊት አጎታቸው፣ የተዋሰውን ፒክአፕ እየነዳ፣ መንገዱንም መንገዱን የሠሩትንም ሳያቋርጥ እየወቀሰ ሄደ፤ በቀኝ ታናሽ እኅታቸው፣ ፍራሹ እንዳይበር አንድ እጇን በመስኮት አውጥታ ገመድ ይዛ ሄደች፤ በደጀን ሁለት ሻንጣ፣ አራት ካርቶን መጽሐፍና ክዳኑ የጠፋ ባልዲ ተከተሉ። ከሁሉም በላይ፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ አናጢ የነበሩት አባታቸው ከማረፋቸው በፊት በገዛ እጃቸው የሠሩላቸው ባለ ሁለት መሳቢያ ጠረጴዛ በክብር ተጭኖ ነበር።

ከሰዓት በፊትም ከሬጅስትራሩ ደጅ ደርሰው ከልጅ እግሮቹ መካከል ተሰለፉ፤ ተራቸው በደረሰ ጊዜ ግን የመስኮቷ ጸሐፊ ቀና ብላ አይታ፣ «እናት፣ ወላጆች ውጭ ይጠብቁ፤ ተማሪዋ ራሷ ትምጣ» ብላ ዐወጀች። እመቤታችንም ተማሪዋ እኔ ነኝ ብለው ተመዘገቡ፤ መታወቂያም ተቀበሉ፤ ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልባቸው ሸፈተ። ለማንም ሳይናገሩ፣ ዛሬ አንድ ነገር እንኳ እንቢ ካለኝ በዚሁ መኪና ተመልሼ እገባለሁ ብለው ከራሳቸው ጋር ቃል ተጋቡ።

ወእምዝ ወደ ኪራይ ቤታቸው ደረሱ። በዚያም አገር የነገሠችው አከራይ፣ በሽቦ ሰክታ በወገቧ ከታጠቀችው የቁልፍ ብዛት የተነሣ እመት ሽቦ የምትባለው፣ ከደረጃው ራስ ቆማ፣ «የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ። በግድግዳዬ ምስማር የሚመታ፣ በደረጃዬ ዕቃ የሚጎትት፣ የበሬን ቀለም የሚልጥ፣ የመጣበትን መንገድ ያውቀዋል» ብላ ዐዋጅ አስነገረች።

ፍራሹ ገባ፤ ካርቶኑ ገባ፤ ባልዲው ገባ። ጠረጴዛው ግን አልገባም። አጎትየው እግሮቹን አስቀድሞ ቢገፋ ከመቃኑ ተቀረቀረ፤ ቢስብ አልወጣ አለ፤ በመካከሉም አውራ ጣቱ ተቆንጥጦ፣ በዜና መዋዕል የማይጻፍ ቃል ተናገረ። ድምፅ ሰምቶ የጎረቤቱ ተመራቂ ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሰባት ዓመት የጻፈውና ስለዚህ ፕሮፌሰር የሚሉት፣ በነጠላ ጫማ ወጣ፤ በሩን በክር ለካ፤ ጠረጴዛውን በክር ለካ፤ ችግሩ ጥናት ይፈልጋል ብሎ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። አጎትየውም ታክቶት፣ መጋዝ ይምጣና ሁለቱ እግሮች ይቆረጡ ብሎ ፈረደ።

ያን ጊዜ እመቤታችን ከደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እኅታቸውም አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ጠረጴዛው ወደ ቤት ይመለስና ሌላ ይገዛ ብላ በለሆሳስ ብትመክር፣ «እኔም አብሬው ልመለስ» አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ያልወጣውም እንባ በዚያች ቃል ላይ መጣ። እኅትየዋም፣ «ብትመለሺ አልቀየምሽም፤ ግን አባዬ ይሄን የሠራው ሰሐን እንድትደረድሪበት አይደለም» አለች።

እመቤታችንም እንባቸውን ጠርገው ቀና ቢሉ፣ ጠረጴዛውን እንደ አዲስ አዩት። እነሆ፣ በእግሩ መጥቶ ነበር። በእግሩ የመጣ ሕፃንማ ስንቱን አይተዋል! ተነሡ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ በማዋለጃ ክፍል ሐኪሙን ሳይቀር ዝም በሚያሰኘው ድምፃቸው፣ «ማንም እንዳይነካው። እኔ ግፉ ሳልል የገፋ ወየውለት» ብለው ዐወጁ። አጎት እጁን ሰበሰበ፤ እመት ሽቦ እንኳ ቁልፎቿን በመዳፏ አፍና ጸጥ አሰኘች። ከዚያም በቀስታ እያነቃነቁ ወደ ኋላ አስመለሱት፤ መሳቢያዎቹን አውጥተው ለአከራይዋ አስያዙ፤ በጎኑ አስተኝተው ጠርዙን እንደ ራስ አስቀደሙ፤ ቀስ ብለው እያዞሩ አንዱን ጥንድ እግር እንደ ትከሻ አሳለፉ፤ ጥቂት አሳረፉት፤ ደግሞ አዞሩ፤ በመጨረሻም፣ «አሁን ግፉ» አሉ።

ገባ። ከቀለሙ ቅንጣት ሳይላጥ ገባ። አጎትየውም ጠረጴዛውን ዞሮ ከመረመረ በኋላ፣ «አራት እግር፤ ሁሉም ደኅና፤ እናትየዋም ደኅና» ብሎ ለሕዝቡ አበሠረ። አከራይቱ የዐዋጇን ነገር ረስታ ያስያዟትን መሳቢያዎች በደረጃዋ ስትጎትት ታየች።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አጎትና እኅት ተሰናብተው ሄዱ፤ እመቤታችንም ፒክአፑ ከመታጠፊያው እስኪሰወር በመስኮት ቆሙ፤ ተመለሱ ብለውም አልተጣሩም። ከዚያ ተቀምጠው የመጀመሪያውን የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ከፈቱ፤ የፊተኛውን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበቡ፤ ምንም አልገባቸውም።

ከተማ በጦር የያዙ፣ ቅጥር ያፈረሱ፣ ስማቸውን በድንጋይ ያስቀረጹ ብዙዎች አሉ፤ ጸሐፊውም ክብራቸውን አይነፍግም። ነገር ግን በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው እርሳስ ቀርጸው፣ ብቻቸውን፣ ያልገባቸውን ገጽ ለአራተኛ ጊዜ ሀ ብለው የጀመሩት እመቤት አዋላጅ ከእነዚያ ሁሉ ይበልጣሉ፤ ስማቸውም በመማር ላይ ያለ ሰው እስካለ ድረስ ከፍ ብሎ ይጠራ።