አከራዬን ሽማግሌ የላክሁ ቀን

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም፤ ግማሻችሁ ደግሞ እናቴ ጋ ትደውላላችሁ።

ደሞዝ ጭማሪ ልጠይቅ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። የሠርግ ካርድ በሉት፣ ባነር በሉት፣ የምግብ ቤት ሜኑ በሉት፣ በኔ እጅ ሳያልፍ አይወጣም። ዓመት ሞላኝ። ደሞዜ ግን የገባሁ ቀን እንደነበረው ነው፤ ንቅንቅ የለም።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ባለፈው ሳምንት አከራዬ ጋሽ ከድር በሬን አንኳኩተው "ልጄ፣ ኑሮው ተወደደ እኮ" አሉኝ። ተከራይ የሆናችሁ ትርጉሙን ታውቁታላችሁ። ወይ እጨምራለሁ፣ ወይ ጓዜን እጠቀልላለሁ።

ስለዚህ አለቃዬን አቶ ነስሩን መጠየቅ ግድ ሆነ። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ቢሮአቸው ገብቼ "ምን ፈለግሽ?" ሲሉኝ ግን ከአፌ የሚወጣው "ስቴፕለር" ብቻ ነው። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ስቴፕለር አለ።

ከዚያ አራዳዋ እህታችሁ ሐሳብ መጣላት። በአገራችን ከባድ ነገር በሽማግሌ አይደል የሚያልቀው? የኔ ደሞዝ እንዲጨመር ከኔ እኩል የሚጓጓ ሰው ደግሞ ማን አለ?

አዎ። ጋሽ ከድርን ላክኋቸው!

ዛሬ ጠዋት ኮታቸውን ግጥም አድርገው መሥሪያ ቤቴ መጡ። ቢሮ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ የአንዲት ሙሽራ ስም ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ተሰማ። ሻይ ታዘዘ። ከዚያ ምሳ! ለካ ሁለቱም የቡታጅራ ልጆች ናቸው። እኔ "ተሳካ!" ብዬ በልቤ ጫማ ሁሉ ገዛሁ።

ተጠራሁ።

"ልጄ" አሉኝ ጋሽ ከድር ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ፣ "አለቃሽን ይቅርታ ጠይቂ።"

"ምን አድርጌ?"

"እሱ እንደ አባት እዚሁ እያለልሽ ሰው መላክሽ አስቀይሞታል።"

አቶ ነስሩ እውነትም ከፍቷቸዋል። ምን ላድርግ፣ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

"ይቅር ብያለሁ" አሉ። "ጭማሪውን ገበያው ሲሞቅ እናየዋለን።"

"የኪራዩንም ነገር ጨርሰናል" አሉ ጋሽ ከድር ደስ ብሏቸው። "በየወሩ መጨነቅ ቀረልሽ። ነስሩ ከደሞዝሽ እየቆረጠ በቀጥታ ለእኔ ይሰጠኛል።"

"የድሮውን ኪራይ?"

"አዲሱን እንጂ!"

ተቃቅፈው ተሰነባበቱ። እኔ መጀመሪያ ማልቀስ አማረኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ። ለራሴ አፍ እያለኝ የሰው አፍ ተውሼ ሄድኩ፣ የሰው አፍ ደግሞ ምሳውን በላበት።

ስቴፕለር የሚፈልግ ካለ በነፃ እሰጣለሁ።

ከሁለቱ ጋር የሚያስታርቀኝ ጥሩ ሽማግሌ የምታውቁም ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ብቻ አደራ፣ ቤት የሚያከራይ እንዳይሆን!